በቀድሞው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት የአናሳዎች የመምረጥና የመመረጥ መብት

ጎጃም ሲባል ብዙዎቻችን የጮቄን ደጋና ደብረ ማርቆስን እናስባለን። ይሁን እንጂ ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ የነበረው ጠቅላይ ግዛት የአገው ምድርን አውራጃ፥ እንዲሁም ጉሙዝና ሺናሻ የሚኖሩበትን የመተከልን አውራጃ ጭምር ይዞ ነበር። የምርጫ ሕግ ለእነዚህ ሕዝቦች ምን እንዳደረገላቸው ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው፥ ወንድም ሴትም፥ መራጭ ሆነ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል። ለመመረጥ ግን በምርጫው ክልል ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ የመንግሥቱም ቋንቋ አማርኛ ነበር። ስለዚህ በመተከል ቆላ እርሻውን ከቦታ ቦታ እያዛወረ ለሚኖረው ጉሙዝ ድምፅ መስጠት ቢፈቀድለትም፥ ምክር ቤት የሚገባበት በር ጠባብ ነበር። ሕጉ አናሳ የሚባል ሕዝብ ስለ መኖሩ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሁሉን እኩል አየሁ ማለቱ ለአንዳንዱ አለማየት ሆነ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በሌላ መንገድ ሄደ። ከ550 ከማይበልጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ከ20 የማያንሱት ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆኑ ደነገገ። አዊም በአማራ ክልል ውስጥ የራሱን የብሔረሰብ ምክር ቤት አገኘ። ይህ በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነው።

መተከል ግን ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተዛወረ። ወሰኑ ሲለወጥ አናሳ የሚባለውም አብሮ ተለወጠ። ትናንት በጠቅላይ ግዛቱ ብዙኃን የነበረው የአማራ ገበሬ በአዲሱ ክልል አናሳ ሆነ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም ስፍራ ተነሥቶ በፓዌ የሰፈረው እንዲሁ።

በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በዚሁ ክልል የቀረቡ አንዳንድ ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ተብለው በምርጫ ቦርድ ተሰረዙ። ለዚህ የተጠቀሰው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 አንቀጽ 38 ነው። የሚያስገርመው፥ የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 38 በቋንቋ ሳይለይ ማንም ዜጋ እንዲመረጥ የሚፈቅድ መሆኑ ነው። ዕጩዎቹ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት አሉ። ምክር ቤቱም በ1995 ዓ.ም. አዋጁን ሳይሽር የቦርዱን አፈጻጸም ብቻ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አለ፤ ይኸውም ዕጩው የክልሉን የሥራ ቋንቋ፥ ማለት አማርኛን፥ ካወቀ ይበቃል በማለት ነው።

ውሳኔውን ትክክለኛ ሆኖ አግኝተነዋል፤ መዘግየቱን ግን አንደግፈውም። ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፥ የተሰረዙት ዕጩዎች የ1997ቱን ምርጫ መጠበቅ ነበረባቸው።