ስሙን ሌላ የወሰደበት ሁለተኛ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አበው። ዛሬ የምናነሳው ታሪክ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙን ሌላ ወሰደበት፣ ሥራው ግን ዋለ። ነገሩ የቪዲዮ ጌም ነገር ነው። «ጌም ደግሞ ምን ታሪክ አለውና!» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለመሆኑ ታሪክ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ብቻ ነው ያለው ማነው? አንዱ አስቦ የሠራው፣ ሌላው ተቀብሎ ያሳደገው ነገር ሁሉ ታሪክ አለው።

ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፋይናል ፋንታሲ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ተወደደለት። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1988፣ ሁለተኛውን አስከተለ። የተወደደውን መድገም ቀላል ነበር፤ አልደገሙትም። የመጀመሪያው ጀግኖች ያለፈ ሕይወት የሌላቸው ዝምተኞች ነበሩ። የሁለተኛው ግን የፓላሜሲያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ወላጅ አልባ ያደረጋቸው ወጣቶች ናቸው። ጌሙ የሚጀምረው ፈጽሞ በማያሸንፉት ውጊያ ነው፤ ተመትተው ይወድቃሉ፣ አማፅያን ያነሷቸዋል። አብሯቸው ከሚሰለፉት አንዱ፣ ሚንዉ፣ የታተመ በር ለመክፈት ሕይወቱን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሰባተኛው ጌም የኤሪስ ሞት ስንቱን አስለቀሰ! ጓድን ቀብሮ መቀጠልን ግን ሁለተኛው ከዘጠኝ ዓመት በፊት አሳይቶ ነበር።

ትልቁ ሙከራ ሌላ ነው። የጨዋታውን ሥርዓት የነደፈው አኪቶሺ ካዋዙ፣ ነጥብ እያጠራቀሙ ደረጃ መውጣትን አስቀረ። ሰይፍ ያዘወተረ በሰይፍ ይበረታል፤ አስማት የደጋገመ አስማቱ ይጠነክራል፤ የተመታ ሰውነቱ ይጠናል። ሰው የሚሠራውን ይሆናል እንደማለት ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ አፈጻጸሙ ግን ቀዳዳ ነበረው። ተጫዋቾችም ነቁበት፦ ጠላትን ትቶ የገዛ ጓደኛን መቀጥቀጥ! ጓደኛም በዱላ ብዛት ይፈረጥማል። ተሳቀበት፣ ተነቀፈም። በ1990 የወጣው ሦስተኛው ወደ ቀድሞው የነጥብ ሥርዓት ተመለሰ።

ይህ አልበቃ ብሎ ስሙንም አጣ። ለአሜሪካ ገበያ ተጀምሮ የነበረው የእንግሊዝኛ ትርጉም መሐል ላይ ቀረ። በ1991 እዚያ «ፋይናል ፋንታሲ ሁለት» ተብሎ የተሸጠው አራተኛው ነው! እውነተኛው ሁለተኛ በእንግሊዝኛ በይፋ የታተመው በ2003 ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው «ሁለተኛውን እናውቀዋለን» ሲል የሚያወራው ስለ ሌላ ነበር።

ታዲያ ምን ተረፈው? ቾኮቦን እንውሰድ፤ እንደ ፈረስ የምትጋለበዋ ትልቅ ወፍ። ዛሬ የተከታታዩ ዓርማ ልትባል ምንም አይቀራትም። መጀመሪያ የታየችው በሁለተኛው፣ አንድ ጫካ ውስጥ ተደብቃ ነው። ሲድ የሚባለውስ? በየጌሙ ሰውዬው ሌላ ነው፣ ስሙ ግን ያው ነው፤ የመጀመሪያው ሲድ የሁለተኛው የአየር መርከብ ባለቤት ነው። በ2023 በወጣው አሥራ ስድስተኛው ውስጥም ሁለቱ አሉ። ካዋዙም ቢሆን ተሳቀብኝ ብሎ አልተቀመጠም። በ1989 ለጌም ቦይ ያወጣው «ሳጋ» እድገትን ከተለመደው ደረጃ ውጭ መፈለጉን ቀጠለ። «ሳጋ» ራሱን የቻለ ተከታታይ ሆኖ እስከ 2024 ድረስ አዲስ ጌም አውጥቷል። ካንዱ ቤት የተባረረው ሐሳብ ሌላ ቤት ሠራ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኛ ጥያቄ ይመጣል። ታሪክ ስንማር ብዙ ጊዜ የምንሸመድደው ማን አሸነፈ፣ ማን ተወደደ የሚለውን ነው። በዚያ ሚዛን ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የከሸፈ ተብሎ ይታለፋል። ማን ከማን ወሰደ ብለን ከጠየቅን ግን ተከታዮቹ ሁሉ ባለዕዳዎቹ ሆነው ይገኛሉ። ጉድለቱን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ቀዳዳው ቀዳዳ ነው። ነገር ግን ያልተሳካለትን ሁሉ ከዝርዝር ብንሰርዝ፣ የተሳካላቸው የበሉት እህል ከማን ጎተራ እንደወጣ በምን እናውቃለን? እስቲ በየትምህርታችን ስንት እንዲህ ያለ «ሁለተኛ» እንደዘለልን እንቁጠር።