የኮሶ ሻጯ ልጅና የባለ እጁ ልጅ

አያቴ ባለ እጅ ነበሩ። በጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት የፋርጣ ደጋ፣ ወናፋቸውን ተክለው ማረሻ ያሾላሉ፣ ማጭድ ያወጣሉ፣ መጥረቢያ ያበጃሉ። ዋጋቸው እህል ነበር፤ አዝመራ ሲገባ ከየአውድማው እየዞሩ ድርሻቸውን ያስሰፍራሉ። ዓመት ሲከፋ ገበሬው ከቁናው ያጎድላል፤ እሳቸው ግን ከማረሻው ማጉደል አይችሉም። ርስት ስላልነበራቸው ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ማረሻ ያሾሉለት ሰው ደግሞ ልጁን «ከዚያ ቤት እንዳትደርስ፣ ይበሉሃል» እያለ ያስፈራራል። ቡዳ እንባል ነበር።

እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ ደብረ ታቦር ላይ የታሪክ መምህር ሆንሁ። ትምህርቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲደርስ በየዓመቱ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ተማሪ «የኮሶ ሻጭ ልጅ ከነገሠ፣ ድህነት የስንፍና ነው» ይላል። ሌላው «የአርባ ቀን ዕድል ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሠላሳ ዓመት ሁለቱንም ሰማሁ። በሰማሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል፤ ሰነፍ አልነበሩም፣ ዕድላቸውንም የጻፈው ሰማይ ሳይሆን ጎረቤት ነበር።

ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1811 ዓ.ም. ሲወለድ አባቱ ከቋራ መሳፍንት ወገን ነበሩ። አባት ሲሞቱ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ችግር ጣላቸውና ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ይባላል። ካሣ ሸፍቶ ሲበረታ የእቴጌ መነን ባለሟል ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤው እመጣለሁ ብሎ ፎከረ። ዘመተና ራሱ ተያዘ። ካሣም እናቴ ገበያ ስላልቀናት እህል አልገዛችም፣ ለእራትህ ያልተሸጠው ኮሶ አለልህ ብሎ አስጠጣው ተብሎ ይተረካል።

አያቴ ይህን ሲያወሩ እስኪያነቡ ይስቁ ነበር። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን «እናቱ ኮሶ ሸጠች እንጂ፣ አባቱ እኮ ደጃዝማች ነበር» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ካሣ ሲቸገር የሚጠጋበት ቤት ነበረው፤ በገዳም ተምሯል፣ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ዘንድም አድጓል። ድፍረቱና ብልሃቱ የራሱ ነው። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ያደረገለት የአባቱ አጥንት አይደለም። የራስ ጉግሣን ከተማ ደብረ ታቦርን የያዘውም በጉልበቱ ነው። ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እሳቸውም ዘር መቁጠራቸው አልቀረም፤ ከሰሎሞን ወገን ነኝ አሉ።

ይበልጥ የሚገርመኝ አዋጃቸው ነው። አገሩ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ዝሎ ነበርና ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ሁሉም ወደየአባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አወጁ። የጢስባ ሽፍቶች ይህን ሲሰሙ እስከ አፍንጫቸው ታጥቀው መጡና፣ የአባቶቻችን ሥራ ዘረፋ ነው፣ ይጽናልን አሉ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ ቢሏቸው እንቢ አሉ። እሺ ተብለው ተሰናበቱ፤ ወዲያው ፈረሰኛ ተከትሎ ፈጃቸው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪው ይስቃል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ለሽፍታው እንኳ በሬ ቀርቦለት ነበር። ባለ እጁ ወደ አባትህ ሥራ ተመለስ ሲባል የሚመለሰው ወደ ወናፉና ወደ ስድቡ ነው።

ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርንና ሌሎችንም የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች እዚያ አስቀምጠው፣ ከሥራቸው የአገሬውን ሰው አሰልፈው መድፍ አሠሩ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. እዚያ ተሠራ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ያንን ብረት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ለመቅደላ ተነሡ፤ የደረሱት በመጋቢት ነው። እኛ ተማሪ ሳለን የፈረንጆቹን ስም ሸምድደናል። አጠገባቸው ወናፍ የነፋው ሰው ስም ግን ደብተራችን ላይ አልነበረም። ባለ እጅ ከነበረ፣ ቀን የንጉሥ መድፍ ሠርቶ ማታ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ያው ቡዳ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አወጁ። ብረት ቢሠራ ጠይብ፣ ቢሸምን ቁጢት በጣሽ መባሉ ይቅር አሉ። አዋጁ ፋርጣ መድረሱን እንጃ፣ አያቴ ሰምተውት አያውቁም። እሳቸው ጋ የደረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። በስልሳ ዓመታቸው ጭንጫ የበዛበት ቁራሽ መሬት አገኙ። የገዛ ማረሻቸውን አሹለው የገዛ መሬታቸውን ባረሱ ዕለት አለቀሱ። ስድቡ ግን በአዋጅ አልተወረሰም።

ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ፣ ፎገራ ውስጥ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት አውራ አምባ አለች። ነዋሪዎቿ ሸማኔ በሚናቅበት አገር ሽመናን መተዳደሪያ አደረጉ፤ ሴቷ ትሸምናለች፣ ወንዱ ይፈትላል። እነሱም በአኗኗራቸው ተጠልተዋል፣ በደርግ ጊዜም ከቀያቸው ተሰድደዋል። ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ የማሳያቸው አንድ ነገር ነው፤ ሽመናው ክብር ያገኘው ሸማኔው ብቻውን ስለተጋ አይደለም፣ ጎረቤቱ አብሮት ስለተቀመጠ ነው።

አያቴ እንዲህ ያለ ጎረቤት አልነበራቸውም። ቢሆንም አንድ ነገር መርጠዋል። ወናፉን ልንፋ ብዬ ስጠጋ ከእጄ ይነጥቁኛል፤ ከየአውድማው ከተሰፈረላቸው እህል ላይ ቀንሰው ይሸጡና ደብተር ይገዙልኛል። ወደ አባትህ ሥራ ተመለስ በሚለው አዋጅ ቢዳኙ ኖሮ፣ አያቴ ጥፋተኛ ነበሩ።