የክርስቲያንና የሙስሊም ሴቶች ጉርብትና፦ ከአክሱም እስከ እድራችን



ባለፈው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ፣ «የሙስሊም አባሎቻችን የቀብር ሥርዓት የተለየ ስለሆነ የራሳቸውን እድር ቢያቋቁሙ አይሻልም ወይ?» ሲል ጠየቀ። በክፋት የተናገረው አልመሰለኝም። ሆኖም ከወደ ኋላ የተቀመጡት ሙስሊም እናቶች አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። ቤቴ ገብቼም ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። የዚያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልስጠው። መልሴ ከታሪክ ነው፤ ያውም ከሴቶች ታሪክ።

ሁለቱ እምነቶች በአገራችን የተገናኙት በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ተጠጉ። ይህ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሡት ንጉሡና በፊቱ ቆሞ የተናገረው ጃዕፈር ናቸው። ታዲያ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል 4 ሴቶች እንደ ነበሩ፣ ኋላም ሌሎች እንደ ተጨመሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከእነዚህ ሴቶች እዚሁ የወለዱ አሉ፤ ባላቸውን እዚሁ የቀበሩም አሉ።

አንዷ ኡሙ ሐቢባ ናቸው። ትርጉሙ «የሐቢባ እናት» ማለት ነው፤ እኛም በሰፈራችን «የእገሌ እናት» እንደምንለው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ባላቸው እዚህ አገር ክርስቲያን ሆነ፣ እዚሁም ሞተ። እርሳቸው ግን ከነልጃቸው በሰው አገር፣ በእምነታቸው ጸንተው ቀሩ። በ628 እ.ኤ.አ. ገደማ ነቢዩ በንጉሡ በኩል ለጋብቻ ሲጠይቋቸው ብሥራቱን ያመጣችላቸው አብረሃ የምትባል የንጉሡ ደንገጡር ናት። ኡሙ ሐቢባ ደስ ብሏቸው የብር አምባራቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ሰጧት። ንጉሡ የከፈለው 400 የወርቅ ዲናር ጥሎሽ ሲደርሳቸውም 50 ሊጨምሩላት ፈለጉ። እርሷ ግን የፊተኛውን ጌጥ ጭምር መለሰችላቸው። በማግስቱም የንጉሡ ሚስቶች የላኩትን ዝባድ፣ አምበርና ዑድ ይዛ መጣች። እንዲያው ይህ የኛው ሰፈር የሙሽራ ቤት ሽር ጉድ አይደለም?

በዚያው ትረካ አብረሃ የኡሙ ሐቢባን እምነት መቀበሏን ነግራቸው ለነቢዩ ሰላምታ እንዲያደርሱላት ለመነች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ባልየው ወደ ክርስትና፣ ደንገጡሯ ወደ እስልምና ሄዱ፤ ኡሙ ሐቢባ ባሉበት ጸኑ። በጉርብትናው ላይ «እምነትሽን ለውጪ» የሚል ዋጋ አልተጠየቀበትም።

የእድር ነገር ሆኖብኝ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የጃዕፈር ባለቤት የአስማ ታሪክ ነው። አስማ በሐበሻ አገር ከ10 ዓመት በላይ ኖረው ወንዶች ልጆች ወልደዋል። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ በ632 እ.ኤ.አ. ሊሞቱ ሲሉ አንድ ነገር አስጨነቃቸው ይባላል፤ የሴት ሬሳ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ሲወጣ የሰውነቷ ቅርጽ ለተመልካች ይታያል። አስማም በሐበሻ አገር ያዩትን ሊያሳዩዋቸው እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጡ። ጎበጥ አድርገው በቃሬዛ ላይ ካቆሙት በኋላ ጨርቅ አለበሱበት። ፋጢማም ወደዱት፤ በዚያው ተሸፍነው ወደ መቃብር ሄዱ። አስማ የጎረቤት ለቅሶ ባይደርሱ ኖሮ ይህን ከየት ያዩታል?

ታሪካችን ሁሉ እንዲህ አልነበረም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ብዙ ክርስቲያኖች በግድ ሰልመዋል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባዔ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የሸፈተው ሸፈተ፣ የተሰደደው ተሰደደ፤ ብዙውም ላይ ላዩን ተጠምቆ በልቡ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። አዋጅ ደጅ ድረስ እንጂ ልብ ድረስ አይገባም።

እናቴ ከአጥር ማዶ ካሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትጠጣ ኖራለች። ሥጋ አይበላሉም፤ ስለዚህ ለፋሲካ ዶሮ በቁሟ እንልክላቸው ነበር፣ እርሳቸው አሳርደው ይበላሉ። እናቴ ስለ ክርስቶስ ያላትን እምነት አትደብቅም፤ እርሳቸውም ቁርዓን ስለ መርየም የሚለውን ይነግሯታል። አቦል ላይ ተከራክረው በረካ ላይ ይታረቃሉ። አንዳቸውም ሌላይቱን አላስለወጡም። እናቴ በሞተች ጊዜ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው፣ «ዛሬ ለማን ነው የምከራከረው?» እያሉ ያለቀሱት እርሳቸው ነበሩ። እርሳቸው ያረፉ ዕለት ደግሞ ቀብሩ በዚያው ቀን ስለነበር፣ ድንኳን ተካይ እስኪመጣ ሳንጠብቅ እኛው ሴቶቹ ጎተትነው።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይህ ነው። እምነትን መናገር ነውር አይደለም፤ የሚሰማህ ግን በሐዘኑ ቀን አጠገቡ ከተገኘህ ነው። ድስቱ ለየብቻ ይሁን፤ ሥርዓቱም እንደየሃይማኖቱ ይፈጸም። ሣጥን ለሚፈልግ ሣጥን፣ ቃሬዛ ለሚፈልግ ቃሬዛ ከአንድ ገንዘብ ቤት ይውጣ። ድንኳኑ ግን አንድ ይሁን። በሚመጣው ጉባዔም እነዚያን እናቶች ከኋላ ወንበር አስነሥተን ከፊት እናስቀምጣቸው።

ቸር ያሰማን።