የተጠቀምንበት ውሃ ወዴት ይሄዳል?

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው የዚህን አባባል ትርጉም ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የሚጠጣው ውሃ ከምንጩ ራስ ይቀዳል፤ ልብስ የሚታጠበውና ከብት የሚጠጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው። የቤተ እስራኤል መንደሮችም ስለ መንጻት ሕግ ሲባል በወንዝ አጠገብ ይመሠረቱ ስለ ነበር፣ የላዩንና የታቹን ውሃ መለየት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር። ዛሬ በምንኖርባቸው ከተሞች ግን ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይመጣል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ሲለቀቅ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በእስራኤል ከከተማ ፍሳሽ 90 በመቶ የሚጠጋው ተጣርቶ ለእርሻ ስለሚውል፣ ያ ውሃ ዞሮ ወደ ገበታችን ይመለሳል። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ የእርስዎም ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970 በኢየሩሳሌም የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ 250 ያህል ሰዎች ታመሙ። የጤና ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ በከተማዋ አጠገብ ባልተጣራ ፍሳሽ የሚጠጣ አትክልት ይመረት እንደ ነበርና ሰዎችም በጥሬው ይበሉት እንደ ነበር ደረሱበት። በሽታው ከከተማ ወደ ፍሳሽ፣ ከፍሳሽ ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ገበታ ዞሮ ነበር። ያ አትክልት እንዲወገድ ሲደረግ ወረርሽኙ ቆመ። ፍሳሽን ሳያጣሩ ለእርሻ ማዋል ምን እንደሚያስከትል ከዚያ ወዲህ ማንም ሊክድ አልቻለም።

በዚያው ዘመን የቴል አቪቭና የአካባቢዋ ከተሞች ፍሳሽ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይለቀቅ ነበር። እነዚህ ከተሞች በ1956 የጋራ ማኅበር አቋቁመው ነበርና ከረጅም ዝግጅት በኋላ በሪሾን ለጽዮን አጠገብ ባለው የአሸዋ መሬት ላይ ሻፍዳን የተባለው የማጣሪያ ጣቢያ ተሠራ። በ1977 የታከመው ውሃ ወደ አሸዋው እንዲሰርግ መደረግ ጀመረ። በ1987 ዘመናዊው ክፍል ሥራ ጀመረ። በ1989 ደግሞ «ሦስተኛው መስመር» የሚባለው ቧንቧ ውሃውን ወደ ኔጌቭ እርሻዎች ማድረስ ጀመረ። ዛሬ ሻፍዳን ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ፍሳሽ እየተቀበለ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ያጣራል።

ዓይን የሚያየውን ቆሻሻ ማጥለልና ማዝቀጥ ይቻላል። አስቸጋሪው በውሃው ውስጥ የሟሟው ነው፤ ከዚህም አንዱ ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ስለ ሆነ በራሱ ጠላታችን አይደለም። በፍሳሽ ውስጥ ግን በአብዛኛው ከሽንት የሚመጣ አሞኒያ ሆኖ ይገኛል። አሞኒያ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ይገድላል፤ የውሃውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። ወደ ናይትሬት ተለውጦ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲሰርግ ደግሞ ለሕፃናት አደገኛ ነው። በ1945 ሃንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በአዮዋ ገጠር ናይትሬት በበዛበት የጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ሕፃናት ሰውነታቸው እንደ ሰማያዊ እንደሆነ ጽፎ አስታወቀ፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም አቅቶት ነበር። ልብ ይበሉ፤ ውሃውን ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ያበረታዋል።

ታዲያ ናይትሮጅንን ከውሃ የሚያወጣው ማነው? በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፍሳሽን አሸዋ በሞላበት ረጅም ቱቦ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ለ20 ቀን ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ ከዚያ በኋላ አሞኒያው እየጠፋ በምትኩ ናይትሬት ይወጣ ጀመር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቆመ። ሕይወት ያለው ነገር ባይሠራበት ኖሮ ክሎሮፎርም ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ እንግሊዛውያን በማንችስተር ይህን ኃይል ለከተማ ፍሳሽ የሚመች አደረጉት። በፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፣ ከታች የሚዘቅጠውን አተላ ሳይጥሉ ለሚቀጥለው ፍሳሽ ጨመሩት። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህንን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም፤ ከፊተኛው ሊጥ የተረፈው እርሾ አዲሱን እንደሚያቦካው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ናይትሬቱ አሁንም በውሃው ውስጥ አለ። ሁለተኛው ሥራ የሚከናወነው አየር በማይነፋበት ገንዳ ነው። በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ኦክስጅን ሲያጡ ከናይትሬቱ ይወስዳሉ፤ ናይትሮጅኑም ወደ አየር ይወጣል። ለዚህ ግን ምግብ ያስፈልጋቸዋል። በ1962 በአሜሪካ ሉድዛክና ኤቲንገር፣ በ1970ዎቹም ጀምስ ባርናርድ የተባለ የደቡብ አፍሪካ መሐንዲስ መላ አበጁለት። አየር የሌለበትን ገንዳ ከፊት አድርገው አዲስ የሚገባውን ፍሳሽ ራሱን ምግብ አደረጉት፤ ናይትሬት ያለበትንም ውሃ ከኋላ ወደ ፊት መለሱት።

በሻፍዳን ከገንዳዎቹ የወጣው ውሃ በአሸዋ ሜዳ ላይ ይፈስሳል። ሜዳው ውሃ ከጠጣ በኋላ አየር እንዲገባው ለጥቂት ቀን እንዲደርቅ ይተዋል። ውሃው ከመሬት በታች ወራት ከቆየ በኋላ በጉድጓድ ተስቦ ይወጣል። ይህም የ1877ቱ የአሸዋ ቱቦ በትልቁ ማለት ነው። በ2010 የወጣው የእስራኤል ደንብ በአንድ ሊትር ሊኖር የሚችለውን የናይትሮጅን መጠን ለእርሻ በሚውለው ውሃ 25 ሚሊግራም፣ ወደ ወንዝ በሚለቀቀው 10 ሚሊግራም እንዲሆን ወስኗል። ተክል ናይትሮጅንን እንደ ማዳበሪያ ስለሚጠቀምበት ለእርሻው ላላ ያለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን የሚበሉት የሚያውቁትን ነው። ሰው በላቦራቶሪ የፈጠራቸውን መድኃኒቶችና ኬሚካሎች ሁሉ አያውቋቸውም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውና ቴግሬቶል በሚል ስም የሚታወቀው ካርባማዜፒን በማጣሪያው አልፎ፣ አሸዋውንም ተሻግሮ፣ ከውሃው ጋር ወደ እርሻ ይደርሳል። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት 34 ጤነኛ ሰዎችን ተከታትለዋል። በተጣራ ፍሳሽ የለማ አትክልት በበሉት ሰዎች ሽንት ውስጥ ይኸው መድኃኒት ተገኘ፤ በንጹሕ ውሃ የለማውን ሲበሉ መጠኑ ቀነሰ። የተገኘው ለሕመምተኛ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነውና ሰላጣ መብላትዎን አይተዉ። ነገር ግን ማንም ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት በገበታችን መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ በተመረጡ ጣቢያዎች በኦዞንና በከሰል የሚሠራ ተጨማሪ ማጣሪያ እንዲተከል በሕግ አዝዛለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው ሕግ ደግሞ የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች የዚህን ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሸፍኑ ወስኗል። በእስራኤልም ከዚህ በፊት የታየ ምሳሌ አለ። በልብስ ሳሙና ውስጥ የነበረው ቦሮን በማጣሪያ አልወጣ ብሎ የብርቱካንና የአቮካዶ ተክሎችን ይጎዳ ነበር። በ1999 በወጣ ደረጃ ቦሮኑ ከሳሙናው ራሱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ተደረገ። «ነገርን ከሥሩ» ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከእርስዎ ምን ይጠበቃል? የተረፈዎትን ወይም ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በመጸዳጃ ቤት አይጣሉ፤ ለኩፓት ሆሊም መድኃኒት ቤት ይመልሱ። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን ከዚህ የተነሣ እንዳያቋርጡ። የምግብ ዘይትና ቀለም በመታጠቢያ አያፍስሱ። ሐምራዊ ቧንቧ የተጣራ ፍሳሽ የሚሄድበት ስለ ሆነ ልጆች ከእሱ እንዳይጠጡ ይንገሯቸው። አብዛኛው መድኃኒት ወደ ፍሳሹ የሚገባው ግን ከሰው ሰውነት ወጥቶ ነው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። የከተማ ምርጫ ሲደርስ እጩዎች ወደ ሠፈራችን ይመጣሉ። ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት እንደምንጠይቃቸው ሁሉ፣ የከተማችን ፍሳሽ የት እንደሚጣራ፣ ከመድኃኒት ቅሪት የሚያጸዳ ተጨማሪ ማጣሪያ መቼ እንደሚተከልና ወጪውን ማን እንደሚከፍል እንጠይቃቸው።