መስታወት ለመግዛት የት ይኬድ ነበር? ከሻም አመድ እስከ ቬኒስ ሱቆች

ዛሬ በአዲስ አበባ መስታወት የፈለገ ሰው ብዙ አይጨነቅም። መርካቶ ይሄዳል ወይም ሰፈሩ ካለ መስታወት ቤት ገብቶ ልኩን ይናገራል፤ ተቆርጦና ጠርዙ ተሞርዶ ይሰጠዋል። ከ450 ዓመት በፊት ግን ፊትን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት የፈለገ ባለጸጋ፣ ፓሪስም ይኑር ለንደን፣ ዓይኑ የሚያርፈው በአንዲት ከተማ ላይ ነበር፦ በቬኒስ።

በዚያች ከተማ፣ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አቅራቢያ፣ እስከ ዛሬ በመስታወት ሠሪዎች ስም የምትጠራ ጠባብ መንገድ አለች። ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1569 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ብርጭቆው የሚቀልጠው ግን ከከተማዋ ፊት ለፊት ባለችው በሙራኖ ደሴት ነው። የቬኒስ መንግሥት በ1291 ከተማዋ በእሳት እንዳትያያዝ ፈርቶ ምድጃዎቹን ወደዚያ አዛውሯቸዋል።

ከዚያ በፊት የነበሩት መስታወቶች በአብዛኛው ከተወለወለ ነሐስ ወይም ብረት የተሠሩ ነበሩ። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ታላቁ ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ኪታቡል መናዚር» የተሰኘውን ባለ 7 ክፍል ሥራውን ሲጽፍ የተመራመረባቸው እንዲህ ያሉ የብረት መስታወቶች ናቸው። ከእርሱ በፊትም ኢብን ሳህል በ984 አካባቢ በባግዳድ፣ የፀሐይን ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ሰብስበው ስለሚያቃጥሉ መስታወቶችና ሌንሶች ጽፎ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ዛሬም በስሙ ይጠራል፦ ዓይን እዚህ፣ መብራት እዚያ ሆኖ፣ ብርሃኑ ክብ በሆነ መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ዓይን የሚደርሰው ከየትኛው ነጥብ ነው? መጽሐፉ በ1200 አካባቢ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተምረውበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ እንናገር። በእኛ መካከል «ሁሉንም የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው» የሚል አጻጻፍ በዝቷል። የብርጭቆ መስታወትን በዚያ ጥራት የሠሩት የቬኒስ ሰዎች ናቸው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አልተነሱም። አሸዋ ቶሎ እንዲቀልጥ የሚቀላቀልበት አመድ ያስፈልጋል። የቬኒስ ነጋዴዎች ምርጡን አመድ በመርከብ ያመጡት ከሻምና ከግብፅ ሲሆን፣ የሚገኘውም ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ እፅዋትን በማቃጠል ነበር። አንጄሎ ባሮቪየር በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያወጣው እንደ ውሃ የጠራ ብርጭቆ መሠረቱ ይኸው አመድ ነው።

የሻም ብርጭቆ ሠሪዎች ራሳቸው በመስጂድ ፋኖሶቻቸው የታወቁ ነበሩ። ቲሙር በ1401 ደማስቆን ሲይዝ ባለሙያዎቿን ወደ ሰመርቀንድ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። በ1569 የኦቶማኑ ታላቁ ቪዚር ሶኮሉ መህመት ፓሻ 900 የመስጂድ ፋኖሶች ያዘዘው ከቬኒስ ነው። የሙያው ባለቤት የነበረ አገር ገዢ ሆነ። ለእኛ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሙያ የሚኖረው በባለሙያው እጅ ነው፤ ባለሙያው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ቬኒስም ይህን ታውቅ ስለነበር መስታወት ሠሪዎቿን አጥብቃ ትጠብቅ ነበር፤ ጥበቡን ይዞ ወደ ውጭ አገር መኮብለል በሕግ የተከለከለ ነበር። ዋጋውም ሰማይ ነክቶ ነበር። ሴን ሲሞን በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ አንዲት የፓሪስ ባላባት ሴት ስንዴ የሚያበቅል ርስቷን ሸጣ አንድ መስታወት ገዝታለች። ፈረንሳይም በዚህ ተማርራ በ1665 የራሷን የመስታወት ፋብሪካ ከፈተች፤ የሙራኖ ሠራተኞችንም በድብቅ አስኮበለለች። በ1684 የተጠናቀቀው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት አዳራሽ በ357 መስታወቶች ያጌጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጢሩ ከቬኒስ እጅ ወጣ።

ይሁንና የመስታወትን እውነተኛ ዋጋ የከፈለው ገዢው ብቻ አልነበረም። ስስ የቆርቆሮ ቅጠል በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይፈስበታል፤ ብርጭቆው በላዩ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ክብደት ተጭኖበት ይቆያል። የባዜቃው ትነት ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይረግፋል። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ የሙራኖን መስታወት ሠሪዎች ጠቅሷል፦ በሠሩት መስታወት ውስጥ የገዛ መከራቸውን እያዩ ሙያቸውን ይረግሙ ነበር ይላል። ባለጸጋዋ በዚያው መስታወት ጌጧን ታስተካክል ነበር።

እፎይታው የመጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ በ1835 ብርን ከፈሳሽ ውስጥ አውጥቶ ብርጭቆ ላይ የሚለብጥበትን መንገድ ካሳየ በኋላ ነው። ባዜቃ ቀስ በቀስ ከመስታወት ሥራ ወጣ፤ ዋጋውም ወረደ። ርስት ያሸጥ የነበረው ዕቃ ዛሬ ጸጉር ቤቱም ሱቁም ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።

እንግዲህ መስታወት ልትገዙ ስትሄዱ ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ ጀርባውንና ጠርዙን እዩ፤ ቀለሙ የተላጠ ከሆነ እርጥበት ወደ ብሩ ዘልቆ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣበታል። ቀጥላችሁ የቆራጩን እጅ እዩ። ብዙ ጊዜ ጓንት የለውም፤ ጣቶቹ ላይ የቆዩ ጠባሳዎች አሉ። በዋጋው ከመከራከራችሁ በፊት ያንን እጅ አስታውሱ። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ለሠራተኛችሁ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዙለት፤ ከአንድ መስታወት ትርፍ አይበልጥም።