ክራከን፦ ስሙና ምስክሮቹ

የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች የሚተርቱለት የባሕር አውሬ፣ ክራከን፣ ስሙ ሲፈታ ብዙም አያስፈራም። «ክራከ» በኖርዌይኛ ጠማማና የቀጨጨ ዛፍ ወይም እንስሳ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ን» ደግሞ «ዛፉ» ስንል በስሙ ጫፍ እንደምናስገባት መጠቆሚያ ናት። ስለዚህ ክራከን «ጠማማው» ነው። እንግሊዝኛ ከነመጠቆሚያዋ ወስዶ የራሱን ከፊት ደረበበት፤ «ጠማማውው» እንደ ማለት!

ወሬውን በሰፊው ያዳረሰው የበርገኑ ጳጳስ ኤሪክ ፖንቶፒዳን እ.ኤ.አ. በ1752 እና 1753 ባሳተመው የኖርዌይ የተፈጥሮ ታሪክ ነው። አጥማጆቹ እንደነገሩት፣ የጥልቀት መለኪያ ገመዳቸው ከሚያውቁት ልክ ቀድሞ አንዳች ነገር ሲነካና ዓሣው ሲበዛ፣ ከሥራቸው ክራከን አለ ይላሉ። ገመዱ እያጠረ ከሄደ ሊወጣ ነውና ቀዝፈው ይሸሻሉ።

ሕግ ተምሬያለሁና የምስክር ነገር አይለቀኝም። ስለ ገመዱና ስለ ዓሣው የተናገሩት በእጃቸው የዳሰሱትን ነው፤ አውሬው ደሴት ያህላል ማለታቸው ግን ግምት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1857 ዴንማርካዊው ያፔቱስ ስቴንስትሩፕ ግዙፉን ስኩዊድ አርኪቱቲስ ብሎ ሰየመው። ጃፓናውያን በ2004 እዚያው በጥልቁ ውስጥ በሕይወት ሳለ ፎቶ አነሱት። ክራከን እሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

እኔን የማያሳምነኝ ሐፍጉፋን ጨምሮ በአንድ መዝገብ ማጣመሩ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመኑ «የንጉሥ መስታወት» የተጠቀሰው ይህ «የባሕር ተን» አግስቶ ዓሣ ይስባል፤ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሲሞላለት ይዘጋል። በ2023 የወጣ ጥናት ይህን ከዓሣ ነባሪ አመጋገብ ጋር አመሳስሎታል። በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነባሪዎች አፋቸውን ከውኃው በላይ ከፍተው፣ ዓሦቹ ራሳቸው እስኪገቡላቸው ቆመው ሲጠብቁ ታይተዋል።