በእጅ ስልክ ላይ ስለሚታየው የመጠበቂያ ምልክት ታሪክ

ሰው የእጅ ስልኩን ከፍቶ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ የጠየቀው እስኪመጣለት ድረስ በመስተዋቱ መካከል አንዲት ትንሽ ክብ ስትዞር ያያል፤ ነገር ግን ማን እንደ ሠራት፣ ስለ ምንስ እንደምትዞር ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም ነገሯን ልንመረምር የተነሣነው ታናሽ በመሆኗ ከታሪክ ጸሐፊ ዓይን ስለምታመልጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አማርኛችን «መጫን» የሚለውን ግሥ ለብዙ ጉዳይ ያውለዋል፤ በቅሎ ይጫናል፣ የስልክ ቍልፍ ይጫናል፣ ከሩቅ የሚመጣውም መረጃ ይጫናል ይባላል። ስለዚህ «በመጫን ላይ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ማን ምኑን እንደሚጫን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኛ «የመጠበቂያ ምልክት» ማለትን መርጠናል።

ነገሩ የጀመረው ከእጅ ስልክ በፊት ነው። የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበረው ሮበርት ሚለር ሰው ከኮምፒዩተር መልስ ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚታገሥ በ1968 ጽፏል። በ1984 በወጣው ማኪንቶሽ ላይ ሱዛን ኬር የሣለችው የእጅ ሰዓት ይታይ ነበር፤ ዊንዶውስም የአሸዋ ሰዓት ለብዙ ዓመታት ሲያሳይ ኖሮ፣ ቪስታ የተባለው ሲወጣ በቀለበት ተካው። እነዚህ ሁሉ ግን «ቈይ» ከማለት በቀር ስንት እንደ ቀረ አይናገሩም።

ይህን ጕድለት በሙከራ የመረመረው ብራድ ማየርስ ነው። በ1985 ባቀረበው ጥናት፣ 48 ተማሪዎች የሥራውን ሂደት የሚያሳይ ዘንግ ሲኖርና ሳይኖር ፍለጋ እንዲያካሂዱ አድርጎ፣ ከመቶ 86ቱ ዘንጉን እንደ ወደዱት አገኘ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ማይስተር ስለ ሰልፍ ሲጽፍ፣ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ ከታወቀው ይልቅ የረዘመ እንደሚመስል አስረድቶ ነበር። አንዱ ከኮምፒዩተር፣ ሌላው ከሰልፍ ተነሥተው ሁለቱ አንድ ቦታ ደረሱ ማለት ነው።

በ2007 አይፎን ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሌሎች ሰዎች አፕ እንዲሠሩለት ተፈቀደ። አፕ ሠሪው ግን በተዘጋጀለት ምልክት ላይ ነጩን፣ ትልቁን ነጭ ወይም ግራጫውን ከመምረጥ ያለፈ ሥልጣን አልነበረውም፤ ቀለሙን እንደ ልቡ መለወጥ የቻለው በ2011 ነው። በ2009 ሎረን ብሪክተር ትዊቲ በተባለው አፑ ገጹን ወደ ታች ስቦ በመልቀቅ ማደስን አስለመደ፤ አፕልም በ2012 ይህንኑ ከራሱ መሣሪያዎች ጋራ አዋሐደው። ከዚያ በ2017 ኤር ቢ ኤን ቢ ሎቲ የተባለውን ሥራ በነጻ ሲለቅ፣ ሠዓሊ የሣለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በቀላሉ በአፕ ውስጥ የሚገባ ሆነ። ምልክቱን ማስጌጥ ከዚህ ወዲያ ብዙ የማያደክም ሥራ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ጌጡ የሚያደርገው ነገር ነው። ክሪስ ሃሪሰንና ጓደኞቹ በ2007 እንዳሳዩት፣ ወደ ፍጻሜው እየፈጠነ የሚሄድ ዘንግ ለተመልካቹ ያጠረ ይመስለዋል። በ2010 ደግሞ በዘንጉ ላይ ወደ ኋላ የሚሄዱ መስመሮች ቢሣሉ፣ ሰው የሚሰማው ጊዜ ከመቶ 11 ያህል እንደሚቀንስ ገለጡ። ሰዓቱ ግን ያው ሰዓት ነው። ይህን ማታለል ነው የሚል ይኖራል፤ እኛ ግን ጥበቃው አጭር ሲሆን ማጽናኛ፣ ረጅም ሲሆን ማታለል ነው ብንል እንመርጣለን።

ማጽናኛውም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። ሉክ ሮብለውስኪ ፖላር በሚባለው አፕ ውስጥ የሚሽከረከሩ ምልክቶችን ቢጨምር፣ ተጠቃሚዎቹ አፑ ከበፊቱ ይልቅ አዘገመብን ብለው አጕረመረሙ። ምልክቱ ሰዎቹን ሰዓት ቈጣሪ አደረጋቸው። እርሱም በ2013 እንደ ገለጠው፣ ክቡን ትቶ የሚመጣውን ገጽ ቅርጽ በባዶ ሣጥኖች አስቀድሞ ማሳየትን መረጠ፤ ይህም «የአጽም ገጽ» ሊባል የሚችለው ነው።

ይሁን እንጂ መስመሩ በሚቋረጥበት አገር ላለ ሰው የአጽሙ ገጽ ሌላ ችግር አለበት። ሣጥኖቹ ግራጫ እንደ ሆኑ ይቀራሉ፤ ክቧም ብትሆን መረጃው ከተቋረጠ በኋላ ሳትታክት መዞሯን ልትቀጥል ትችላለች። ገንዘብ ልኮ የሚጠብቅ ሰው፣ ተልኳል ብሎ ይተወው ወይስ ደግሞ ይላክ? ሁለተኛ ቢልክ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው፤ ቢተወው ደግሞ ተቀባዩ ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ለዚህ ሰው የምልክቷ ቀለም ምንም አይረባውም። የሚረባው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ምልክቷ ቆማ፣ ገንዘቡ መሄዱንና አለመሄዱን የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር በገዛ ቋንቋው ቢያነብ ነው።